ማዘርቦርድን መምረጥ፦ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ላሉ የኮምፒውተር ክፍሎች



ለነፋስ መውጫ፣ ለወገዳ ወይም ለመካነ ኢየሱስ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ሲገዛ አስቀድሞ የሚጠየቀው የፕሮሰሰሩ ፍጥነት ነው። የማሽኑን ዕድሜ በእጅጉ የሚወስነው ግን ማዘርቦርዱ ነው።

በመጀመሪያ መግጠሙ ይታይ። ለኤልጂኤ 1700 ሶኬት የተሠራ ፕሮሰሰር በኤልጂኤ 1200 ላይ አይቀመጥም፤ የዲዲአር 5 ሜሞሪም በዲዲአር 4 ማስገቢያ አይገባም። ስንት ዲስክና ስንት ዩኤስቢ ሊያያዝ እንደሚችል በአብዛኛው የሚወስነው ቺፕሴቱ ነው።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ከፓወር ሰፕላይ የሚመጣውን 12 ቮልት ፕሮሰሰሩ ወደሚፈልገው 1 ቮልት ገደማ የሚያወርደው የቦርዱ ክፍል ሲሠራ ይግላል። ነፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚያ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በሩብ ያህል ይቀንሳል። የደጋው ብርድ ቢያግዝም ስስ አየር ሙቀትን የመሸከም ዐቅሙ ያነሰ ነው። ስለዚህ በዚህ ክፍል ላይ ሂትሲንክ የተገጠመለት ቦርድ ይመረጣል።

ሦስተኛዋ ሲአር 2032 የተባለችው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ናት። ማሽኑ ከመብራት ተለይቶ በቆየ ቁጥር ሰዓቱን የምታስቆጥረው እርሷ ናት። ስታልቅ ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ብሮውዘሩም የድረ ገጾችን የደኅንነት ሰርተፊኬት አልቀበልም ይላል። ተማሪውም «ኢንተርኔት የለም» ብሎ ይነሣል።

እንግዲህ ማሽኑ ተበላሽቷል ተብሎ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ከመግባቱ በፊት ባትሪዋ ትቀየር። ቦርዱን የሚያውቅ ሰው ባለበት ትምህርት ቤት ጥቂት ኮምፒውተሮች ብዙ ዓመት ያስተምራሉ።