ከፓስፊክ ወደ ቀይ ባሕር ደጃፍ የመጡት ተዋጊ ጄቶች፦ ለማዳበሪያና ለቡና መንገድ ምን ለወጡ?

ሐዋሳ፦ ከታቦር ተራራ አናት ላይ ቆሞ ለሚመለከት ሰው ከፊቱ ተዘርግቶ የሚታየው ውኃ የሐዋሳ ሐይቅ ነው። ባሕሩ ከዚህ እጅግ ሩቅ ነው። ይሁንና ከተራራው ሥር ካለው ሰፈር አንሥቶ እስከ ሲዳማ ደጋ ወረዳዎች ድረስ አርሶ አደሩ ለበልግ በቆሎ የሚጨምረው ዩሪያና ኤንፒኤስ፣ ባጃጁና የጭነት መኪናው የሚቀዱት ነዳጅ፣ ሁሉም በመርከብ ተጭኖ ጅቡቲ የደረሰ ነው። ቡናውም በዚያው መንገድ ይወጣል።

ይህ መንገድ ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የጦርነት ቀጣና ሆኖ ቆይቷል። የየመን ሁቲ ታጣቂዎች በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ በሚያልፉ የንግድ መርከቦች ላይ ሚሳኤልና ድሮን መተኮስ ጀመሩ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ሩቢማር የተባለችው መርከብ ተመትታ ከቀናት በኋላ ሰጠመች። ጭነቷ ከ21 ሺህ ቶን በላይ ማዳበሪያ ነበር። በእኛ አገር አቆጣጠር ከ210 ሺህ ኩንታል ይበልጣል፤ በ50 ኪሎ ከረጢት ሲሰላ ደግሞ ከ420 ሺህ ከረጢት በላይ መሆኑ ነው። ማዳበሪያው ወደ ቡልጋሪያ የሚሄድ እንጂ ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣ አልነበረም። ነገር ግን አደጋው ምን ዓይነት ጭነት ላይ ሊወድቅ እንደሚችል ለማሳየት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሩቢማር ስትመታ ድዋይት አይዘንሃወር የተባለው የአሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ተዋጊ ጄቶቹን ይዞ በዚያው ቀጣና ነበር። ከእርሱ በኋላ ሌሎች ተከታትለው መጡ፤ ከእነርሱም ውስጥ የተለመደ ሥራቸው በፓስፊክ ውቅያኖስ የነበረ ይገኙበታል።

በአንድ ተሸካሚ መርከብ ላይ የሚሰፍሩት አውሮፕላኖች በአንድነት «የአየር ክንፍ» ተብለው ይጠራሉ። አንድ የአየር ክንፍ ከ60 እስከ 70 የሚደርሱ ተዋጊ ጄቶችን፣ የጠላትን ራዳር የሚያውኩ፣ ከሩቅ የሚቃኙ አውሮፕላኖችንና ሄሊኮፕተሮችን በስኳድሮን ተከፋፍለው ይይዛል። የመርከቡ ንብረት ቢመስልም ቋሚ ቤቱ የብስ ላይ ነው። የአይዘንሃወር ጄቶች መኖሪያ በቨርጂኒያ ግዛት የሚገኘው ኦሺያና የአየር ጣቢያ ነው፤ ከሳንዲያጎ ወደብ በሚነሡት መርከቦች ላይ የሚሰፍሩ ጄቶች አብዛኞቹ ደግሞ ከካሊፎርኒያው ለሙር ጣቢያ ይመጣሉ። መርከቡ ለስምሪት ሲነሣ ይሳፈራሉ፤ ሲመለስ ወደ ጣቢያቸው ይበርራሉ።

የዚህ አደረጃጀት ጥቅም ከማንም መሬት ሳይለምኑ መዋጋት መቻሉ ነው። በሌላ አገር የአየር ጣቢያ ላይ የሰፈረ ጄት ቦምብ ጭኖ ለመነሣት የባለቤቱን አገር ፈቃድ ይፈልጋል፤ ባለቤቱም የጎረቤቱን ቂም ይፈራል። ተሸካሚው መርከብ ግን ማኮብኮቢያውን ይዞ ይዞራል።

ጉድለቱም ከዚያው ይመነጫል። የስንዴ ማጨጃ ኮምባይነር አንዱን ወረዳ ጨርሶ ወደ ሌላው ሲሻገር የተወው አካባቢ ተራውን እንደሚጠብቅ ሁሉ፣ ተሸካሚ መርከብም ወደ አንድ ባሕር ሲጠራ ሌላው ባሕር ባዶ ይቀራል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አይዘንሃወር ወደ አገሩ ሲመለስ በፓስፊክ ስምሪት ላይ የነበረው ቴዎዶር ሩዝቬልት ከነአየር ክንፉ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ዞረ። በነሐሴ ደግሞ ከዚያው ከፓስፊክ ወገን አብርሃም ሊንከን ፍጥነቱን ጨምሮ እንዲደርስ ተደረገ። በዚያው ወቅት በጃፓን ዮኮሱካ የሚኖረው ሮናልድ ሬገን ወጥቶ፣ ተተኪው ጆርጅ ዋሽንግተን እስከ ኅዳር 2017 ዓ.ም. ድረስ ገና አልደረሰም ነበር። ዋሽንግተን ዋነኛ ተፎካካሪዬ የምትላት ቻይና ያለችበት ባሕር ሳስቶ፣ የእኛ ጎረቤት ባሕር ተጠናከረ ማለት ነው። ሁኔታው በ2017 ዓ.ም. መጋቢት ወር ላይ ተደገመ፤ ቀደም ብሎ በደቡብ ኮሪያ ቡሳን ወደብ የነበረው ካርል ቪንሰን ሃሪ ትሩማንን እንዲያግዝ ወደ የመን አቅጣጫ ተላከ።

ስምሪቱ ዋጋ አስከፍሏል። ታኅሣሥ 13 ቀን 2017 ዓ.ም. የትሩማን አንድ ጄት በራሱ ወገን መርከብ በስሕተት ተመትቶ ወደቀ። ሚያዝያ 20 ቀን ሌላው በጎታች ተሽከርካሪ ሲንቀሳቀስ ከነጎታቹ ባሕር ገባ። ከስምንት ቀን በኋላ ሦስተኛው በማረፍ ላይ ሳለ የሚይዘው ገመድ ሳያስቆመው ቀረ። አብራሪዎቹ ሁሉ ተርፈዋል። የአንዱ ጄት ዋጋ 60 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው፤ አንድ ቶን ዩሪያ በ450 ዶላር ቢታሰብ፣ ሦስቱ ጄቶች 4 ሚሊዮን ኩንታል ይገዙ ነበር።

ወደ ጅቡቲ የሚመጣው ጭነት ሁሉ በአንድ በር እንደማይገባ ማወቅ ያሻል። የጅቡቲ ወደብ የሚገኘው ከባብ ኤል መንደብ መተላለፊያ በስተደቡብ ነው። ስለዚህ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም ከቻይና የሚመጣ ዩሪያ ጠባቡን በር ሳያቋርጥ ይደርሳል። ከሞሮኮ የሚጫነው ፎስፌት ያለበት ማዳበሪያ በአጭሩ መንገድ ከመጣ ግን በስዊዝ አድርጎ፣ ቀይ ባሕርን አቋርጦ፣ በዚያ በር ማለፍ አለበት። ወደ ጀርመንና ወደ ጂዳ የሚሄደው የሲዳማ ቡናም እንዲሁ። የሁቲ ጥቃት በሁለቱም ወገን የደረሰ ቢሆንም በሩን የሚሻገረው መርከብ የተጋለጠው ይበልጥ ነበር።

ብዙዎቹ ታላላቅ የመርከብ ድርጅቶች ቀይ ባሕርን ትተው በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ዞሩ፤ ይህም በእስያና በአውሮፓ መካከል ባለው ጉዞ ላይ ከ10 እስከ 14 ቀን ጨመረ። መንገዱን ያልተዉት ደግሞ ለኢንሹራንስ ከፈሉ። ከመርከቡ ዋጋ 0.1 በመቶ እንኳ የማይሞላው የጦርነት ሥጋት ዓረቦን ወደ 0.7 ከዚያም ወደ 1 በመቶ ወጣ። 50 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት መርከብ ለአንድ ጉዞ ከ50 ሺህ ዶላር በታች ይከፍል የነበረው እስከ 500 ሺህ ይጠየቅ ጀመር። ወጪው በጭነቱ ላይ ይደመራል።

ጄቶቹ ብዙ ድሮንና ሚሳኤል አየር ላይ አምክነዋል፤ የየመንን ምድርም ደጋግመው ደብድበዋል። ዓረቦኑን ግን ሊያወርዱት አልቻሉም፤ የኢንሹራንስ ሰው የሚቆጥረው የመከኑትን ሳይሆን ያመለጠችውን አንዲት ሚሳኤል ነውና። ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም. በኦማን ሸምጋይነት በአሜሪካና በሁቲ መካከል ተኩስ ቆመ፤ ስምምነቱ ግን የሌላውን አገር የንግድ መርከብ አልጠበቀም። በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መግቢያ ሁለት መርከቦች ተመትተው ሰጠሙ። አንደኛዋ ማጂክ ሲስ ብረትና ማዳበሪያ ጭና ነበር።

ከቤታቸው የራቁ የመርከብ አውሮፕላኖች በዚህ ባሕር ላይ ሲታዩ የመጀመሪያው አይደለም። በ1933 ዓ.ም. የእንግሊዙ ኢግል የስዊዝ ቦይ በጀርመን ፈንጂ ታግዶበት ሲቆም፣ ስዎርድፊሽ የሚባሉት ባለ ሁለት ድርብ ክንፍ አውሮፕላኖቹ መርከባቸውን ትተው ወደ ፖርት ሱዳን በረሩ። መጋቢት 25 ቀን ከምጽዋ የወጡትን የጣሊያን የጦር መርከቦች አጥቅተው ናዛሪዮ ሳውሮንና ዳኒዬሌ ማኒንን አሰጠሙ። ምጽዋ በአምስተኛው ቀን ተያዘች፤ ወር ሳይሞላም ሚያዝያ 27 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። ያኔ ጠላት በአንድ ወደብ ተዘግቶ ስለነበር ወደቡ ሲያዝ የባሕሩ ጦርነት አበቃ። ዛሬ ድሮኑ ከተራራ ዋሻና ከጭነት መኪና ላይ ይነሣል።

መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. በጎዴ የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው የማዳበሪያ ፋብሪካ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ እንዲያመርት ታቅዷል። ሲጠናቀቅ የሲዳማ አርሶ አደር ዩሪያ በየብስ ሊደርሰው ይችላል። ፎስፌት ያለበት ኤንፒኤስ ግን በመርከብ መምጣቱን ይቀጥላል፤ ቡናውም በዚያው በር ይወጣል።