ካቢንዳ፦ ነዳጁ በባሕር፣ ጥያቄው በየብስ

ካቢንዳ በአፍሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ የምትገኝ፣ በሰሜን ከኮንጎ ሪፐብሊክ፣ በምሥራቅና በደቡብ ከዴሞክራቲክ ኮንጎ የምትዋሰን፣ ስፋቷም 7,270 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የአንጎላ ክፍለ ሀገር ስትሆን፣ ከተቀረው የአንጎላ መሬት ጋር በየብስ አትገናኝም። በመካከላቸው የኮንጎ ወንዝ አፍና ዴሞክራቲክ ኮንጎ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ የምትወጣበት ጠባብ መሬት አለ። ነጻ የወጣችውን አንጎላን ያቆመውና መንግሥቷ በእርስ በርስ ጦርነቱ ለብዙ ዓመታት ያወጣውን ወጪ የሸፈነው ነዳጅ የተገኘው ከዚህች ተነጥላ ከቀረች ግዛት የባሕር ክልል ነው። የግዛቲቱን ዕጣ ከነዳጁ ብዛት ይልቅ የወሰነው ነዳጁ የሚገኝበት ቦታ ነው ማለት ይቻላል፤ ከባሕር ወለል በታች ያለ ሀብት በየብስ የሚኖረውን ሕዝብ ፈቃድም ሆነ ጉልበት እምብዛም ሳይሻ ሊወጣ ይችላልና።

ከቅኝ አገዛዝ በፊት በአካባቢው ሎአንጎ፣ ካኮንጎና ንጎዮ የሚባሉ መንግሥታት የነበሩ ሲሆን፣ የካቢንዳ ወደብም ለረጅም ዘመን በባርነት የተሸጡ ሰዎች ወደ አሜሪካ አህጉር የሚጫኑበት በር ነበር። የአውሮፓ መንግሥታት አፍሪካን ለመቀራመት በርሊን ላይ ጉባኤ ተቀምጠው ሳለ፣ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1885 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የንጎዮ መኳንንት ሲሙላምቡኮ በተባለ ስፍራ ከፖርቱጋል ጋር ውል ተፈራረሙ። ውሉ ግዛቲቱን በፖርቱጋል ሞግዚትነት ሥር የሚያውል ነበር፤ ሞግዚትነት ማለት የአገሬው ገዥዎች ማዕረጋቸውንና ልማዳቸውን እንደያዙ የአገሩን ጥበቃ ለኃያሉ መንግሥት የሚተዉበት ሥርዓት ሲሆን፣ ፖርቱጋልም በበኩሏ የግዛቲቱን አንድነት ለመጠበቅ ግዴታ ገብታ ነበር። ፖርቱጋል ውሉን የፈለገችው ፈረንሳይና የቤልጅጉ ንጉሥ ሊዮፖልድ ከኮንጎ ወንዝ አፍ እንዳይገፏት ነው። ይሁንና በመጨረሻ የወንዙን ሰሜናዊ ዳር ለሊዮፖልድ የኮንጎ ነጻ መንግሥት ለመልቀቅ ተገደደች፤ ካቢንዳ ከአንጎላ ተቆርጣ የቀረችውም ያን ጊዜ ነው።

የ1933ቱ የፖርቱጋል ሕገ መንግሥት የባሕር ማዶ ግዛቶችን ሲዘረዝር ካቢንዳንና አንጎላን ለየብቻ ጠቅሷል፤ በ1956 ግን የካቢንዳ አስተዳደር ሉዋንዳ ከሚቀመጠው ገዥ ሥር እንዲሆን ተደረገ። የዛሬዎቹ ተገንጣዮች ካቢንዳ በውል የተጠበቀች ግዛት እንጂ ቅኝ ግዛት አልነበረችም፣ የአንጎላም አካል ሆና አታውቅም እያሉ የሚከራከሩት በ1885ቱ ውል ሲሆን፣ ሉዋንዳ ደግሞ አገሮች በነጻነታቸው ዕለት የወረሱት ድንበር እንዲከበር በ1964 ካይሮ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ያሳለፈውን ውሳኔ ትጠቅሳለች። አንደኛው ወገን የሚተማመነው ቅኝ ገዥው በፈረመው ወረቀት፣ ሌላውም ቅኝ ገዥው ባሰመረው ድንበር መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል።

ነዳጅ ፍለጋው የተጀመረው በ1950ዎቹ ነው። ጋልፍ ኦይል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቅርንጫፍ የሆነው ካቢንዳ ጋልፍ ከፖርቱጋል ኮንሴሲዮን፣ ማለትም በተከለለ ቦታ ነዳጅ የመፈለግና የማምረት ልዩ መብት፣ ካገኘ በኋላ በባሕሩ ክልል ያደረገው ቁፋሮ በ1966 ብዙ ነዳጅ አስገኘ፤ በ1968ም ምርት ተጀመረ። በ1973 ነዳጅ ቡናን በልጦ የአንጎላ ቀዳሚ የወጪ ንግድ ምርት ሆነ። ይህ ለውጥ የገንዘብ ብቻ አልነበረም። ቡና ለማምረት እጅግ ብዙ የሰው ጉልበት ያስፈልግ ስለነበር ቅኝ ገዥው ሠራተኛውን በግድም ቢሆን መመልመል ነበረበት፤ ነዳጅ ግን ባሕር ላይ ከተተከሉ የቁፋሮ መድረኮች ተነሥቶ በባሕር ወለል በተዘረጉ ቧንቧዎች ማሎንጎ ወደሚባለው የጠረፍ ጣቢያ ከገባ በኋላ፣ ከዚያ በመርከብ ተጭኖ ይሄዳል። ጣቢያው በሽቦ አጥርና በፈንጂ ተከብቦ የቆየ ሲሆን፣ የውጭ አገር ሠራተኞች ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደዚያ የሚመላለሱት በአብዛኛው በሄሊኮፕተር ነበር። ከካቢንዳ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ብቻ ርቆ፣ ከከተማዋ ጋር ግን እምብዛም የማይነካካ ሌላ ዓለም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ኤፕሪል 1974 የፖርቱጋል መኮንኖች በሊዝበን የነበረውን አምባገነን መንግሥት ሲገለብጡ የካቢንዳ ጉዳይ በአንድ ጊዜ የብዙዎች ጉዳይ ሆነ። ጃንዋሪ 1975 አልቮር በተባለች የፖርቱጋል ከተማ፣ ፖርቱጋልና ሦስቱ የአንጎላ ንቅናቄዎች፣ ማለትም ኤምፒኤልኤ፣ ኤፍኤንኤልኤና ዩኒታ፣ የነጻነቱን ስምምነት ሲፈራረሙ ካቢንዳ የማትነጠል የአንጎላ አካል መሆኗን በጽሑፉ አሰፈሩ። ከ1963 ጀምሮ የግዛቲቱን ነጻነት ሲጠይቅ የኖረው የካቢንዳ ነጻ አውጪ ግንባር፣ በፖርቱጋልኛ ምሕጻሩ ፍሌክ፣ ወደ ስብሰባው አልተጠራም። መሪው ሉዊስ ራንኬ ፍራንኬ በኦገስት 1975 ካምፓላ ላይ የካቢንዳን ነጻነት ቢያውጁም የተቀበላቸው አልነበረም፤ ግንባሩ ራሱ አንዱ ክንፍ በዛየር (በዛሬዋ ዴሞክራቲክ ኮንጎ) መሪ በሞቡቱ፣ ሌላው በኮንጎ ብራዛቪል እየተደገፈ ተከፋፍሎ ነበር። ኖቬምበር 1975፣ የአንጎላ ነጻነት በሚታወጅባቸው ቀናት፣ ከዛየር ተነሥቶ ወደ ካቢንዳ የዘመተው ጦር በኤምፒኤልኤና በኩባ ወታደሮች ተመትቶ ተመለሰ።

በዚህ ጊዜ ጋልፍ ኦይል አጣብቂኝ ውስጥ ገባ። የአሜሪካ መንግሥት ኤምፒኤልኤን የሚወጉትን ወገኖች ሲረዳ፣ ኩባንያው ደግሞ ካቢንዳን ለተቆጣጠረው ለኤምፒኤልኤ የነዳጅ ግብር መክፈል ነበረበት። በዲሴምበር 1975 በዋሽንግተን ግፊት ሥራውን አቋረጠ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ተመለሰ። በመካከሉ፣ ጃንዋሪ 1976 አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አስቸኳይ የመሪዎች ጉባኤ፣ 22 አገሮች ለኤምፒኤልኤ መንግሥት እውቅና ይሰጥ ሲሉ 22ቱ ደግሞ የሦስቱ ንቅናቄዎች የአንድነት መንግሥት ይቋቋም በማለታቸው፣ አስተናጋጇ ኢትዮጵያም ከኡጋንዳ ጋር ድምፀ ተአቅቦ በማድረጓ፣ ጉባኤው ያለ ውሳኔ ተበተነ። የጦርነቱን የመጀመሪያ ዙር ያሸነፈው ኤምፒኤልኤ በዚያው ዓመት ሶናንጎል የተባለውን የመንግሥት ነዳጅ ኩባንያ አቋቁሞ በ1978 የካቢንዳን ኮንሴሲዮን 51 በመቶ ድርሻ ያዘ። ጋልፍን ግን አላስወጣም፤ ማርክሳዊ ነኝ የሚለው መንግሥት ያለ አሜሪካውያኑ ቴክኒክ ነዳጁን ማውጣት እንደማይችል ያውቅ ነበርና።

ከዚህ የተነሣ ኦጋዴን ላይ ከኢትዮጵያ ጎን የተዋጋው የኩባ ጦር በካቢንዳ የአሜሪካ ኩባንያ ጠባቂ ሆነ፤ ለአንጎላ መንግሥት እስከ 1993 ድረስ እውቅና የነፈገችው አሜሪካም የካቢንዳን ነዳጅ ትገዛ ነበር። በሜይ 1985 የማሎንጎን ጣቢያ ሊያፈነዱ የመጡ የደቡብ አፍሪካ ኮማንዶዎች በአንጎላ ወታደሮች እጅ ሲወድቁ፣ ሁለቱ ተገድለው መሪያቸው ካፒቴን ዊናንድ ዱ ቶይት ተማርከዋል። የፀረ ኮሚኒዝም ጎራ ጠበቃ ነኝ የምትለው የአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ፣ ከጋልፍ ወደ ሌላው የአሜሪካ ኩባንያ ሼቭሮን ከተላለፈ አንድ ዓመት ያልሞላውን የአሜሪካውያን ንብረት ልታጋይ መምጣቷ የዘመኑ ጎራ አሰላለፍ ምን ያህል የተደበላለቀ እንደነበር ያሳያል።

በ2002 የዩኒታው መሪ ሳቪምቢ ተገድለው የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲያበቃ፣ የአንጎላ ጦር ፊቱን ወደ ካቢንዳ አዞረ፤ ሂውማን ራይትስ ዎችም ወታደሮች በሲቪሎች ላይ የፈጸሙትን ግድያና እንግልት ዘገበ። በኦገስት 2006 ከፍሌክ መሪዎች አንዱ የሆኑት አንቶኒዮ ቤንቶ ቤምቤ ናሚቤ በተባለች የአንጎላ ከተማ ለግዛቲቱ ልዩ አቋም የሚሰጥ የሰላም ሰነድ ፈረሙና ኋላም የመንግሥት ሚኒስትር ሆኑ፤ ፓሪስ በስደት ይኖሩ የነበሩት ንዚታ ቲያጎ የሚመሩት ክንፍ ግን ሰነዱን አልተቀበለም። የተቀረው ዓለም የካቢንዳን ስም በሰፊው የሰማው ጃንዋሪ 2010 ሲሆን፣ ይኸውም አንጎላ ላስተናገደችው የአፍሪካ ዋንጫ ከኮንጎ በኩል በአውቶቡስ ይገባ የነበረው የቶጎ ብሔራዊ ቡድን በታጣቂዎች ተኩስ ተከፍቶበት ሁለት የልዑካኑ አባላት በሞቱ ጊዜ ነው። መንግሥት ከጨዋታዎቹ ከፊሉን በካቢንዳ ያደረገው ሰላም መስፈኑን ለማሳየት ይመስላል፤ ከጥቃቱ በኋላም እጃቸው እንዳለበት ያልተረጋገጠ የመብት ተሟጋቾች ታስረዋል።

የነዳጁን ገንዘብ በሚመለከት ሕጉ ከነዳጅ ግብር 10 በመቶው ወደ ክፍለ ሀገሩ እንዲመለስ ይፈቅዳል። ይሁን እንጂ የሚመለሰው ገንዘብ የሚያልፈው ሉዋንዳ በሾመችው አገረ ገዥ እጅ ነው። ዓሣ አጥማጆች ባሕሩ ላይ በሚፈስሰው ዘይት ሲያማርሩ ኖረው፣ በ2002 መንግሥት ሼቭሮንን 2 ሚሊዮን ዶላር ቀጥቷል። ከካቢንዳ በስተደቡብ ባለው ጥልቅ ባሕር የተገኙት መስኮች ከ2000 ወዲህ የግዛቲቱን ድርሻ ዝቅ ቢያደርጉትም፣ ሼቭሮን የሚያንቀሳቅሰውና ብሎክ ዜሮ የሚባለው የቀድሞው ኮንሴሲዮን እስከ 2050 ተራዝሟል። በቀን 30,000 በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ የማጣራት አቅም ያለው የካቢንዳ ማጣሪያ የተመረቀውም በ2025፣ ምርት በተጀመረ በ57ኛው ዓመት ነው።