ለቡና ሒሳብ የትኛው ካልኩሌተር?

ዛሬ ስለ ዋጋ ሳይሆን ዋጋ ስለምናሰላበት ዕቃ ላውራችሁ።

አንድ ጊዜ ለ1 ኮንቴይነር ቡና (320 ጆንያ በ60 ኪሎ፣ 19.2 ቶን) ሒሳብ ስሠራ ኪሎውን ወደ ፓውንድ በ2.2 አባዛሁት። ትክክለኛው 2.20462 ነው። "ምን አላት" ብዬ ነበር። ልዩነቷ ወደ 89 ፓውንድ ሆነች፤ ፓውንዱ በ3 ዶላር ሲመታ 266 ዶላር! ላኪው ተቀየመኝ፣ እኔም ከኮሚሽኔ ላይ ቆረጥኩለት።

ከዚያ ወዲህ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች የሚይዙትን ሳይንቲፊክ ነው የምይዘው። ስትገዙ ሦስት ነገር እዩ፦

1. የጻፋችሁት ሒሳብ ሙሉውን ስክሪኑ ላይ የሚታይ ይሁን። ሻጭም ገዢም አብሮ ያየዋል፣ ስህተቱ እዚያው ይያዛል።

2. ቁጥር የሚያስቀምጥ ይሁን። እኔ ካሲዮ ኤፍኤክስ-82 ላይ 37.4786ን "ኤ" ላይ አስቀምጫለሁ፤ 1 ፈረሱላ (17 ኪሎ) በፓውንድ ማለት ነው። 991ኢኤስ ፕላስ ደግሞ ፓውንድና ኪሎን ራሱ ይቀይራል።

3. ገጠር ለምትወጡ ሶላርም ባትሪም ያለው ይሻላል።

አንድ ጥንቃቄ፦ ተራው ካልኩሌተር በነካችሁት ቅደም ተከተል ያሰላል፣ ሳይንቲፊኩ ግን ማባዛትን ያስቀድማል። 3 + 0.20 × 37.48 ብትሉት ተራው 119.94፣ ሳይንቲፊኩ 10.50 ይላችኋል። ስለዚህ የኒውዮርኩን ዋጋና ዲፈረንሻሉን በቅንፍ እሰሩ፦ (3 + 0.20) × 37.48።

እጃችሁ ላይ ያለውን አሁኑኑ በዚህ ሞክሩት። መልካም ገበያ!