ከኪሳራ በኋላ የሚወጣ ደብተር

በደቡብ ጎንደር፣ ከጣራ ገዳም ደን በታች በሚገኘው በአዲስ ዘመን ገበያ፣ እንዲሁም በወረታና በደብረ ታቦር፣ እህል የሚነግድ ሰው ከሀብት ወደ ድኽነት የሚወርድበት መንገድ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። በመኸር ወራት ጤፉንና ሽምብራውን፣ የፎገራንም ሩዝ፣ እኩሌታውን በእጅ ገንዘብ እኩሌታውን በዱቤ ይሰበስባል፤ መጋዘን ይከራያል፤ የባንክ ብድር ያገኘ እንደ ሆነም ቤቱን ወይም የዘመዱን ቤት በመያዣ ያስመዘግባል፤ ከዚህም በኋላ ዋጋው ሲወርድ፣ ወይም መንገድ ተዘግቶ እህሉ በመጋዘን ሲከርም፣ ወይም በዱቤ የወሰደበት ደንበኛ ሲጠፋ፣ በብዙ ዓመት ድካም የተሰበሰበው ጥሪት በአንድ ወቅት ይበተናል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት የመንገዱ መዘጋትና የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት መቋረጡ ይህን የጥፋት በር እጅግ አስፍቶታል። አወዳደቁን ለሌላ ጊዜ እናቆየውና፣ የወደቀው ሰው ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ ሚስቱ ከጠላ ሽያጭ ወይም እርሱ ከቀን ሥራ ያገኛትን አንድ ሺህ ብር ይዞ ወደ ባንክ መስኮት ቢቀርብ ምን ይገጥመው ይሆን?

በየሻይ ቤቱ የሚሰጠው መልስ «ስሙ መዝገብ ገብቷል፤ ከእንግዲህ ባንክ አይቀበለውም» የሚል ነው። ይህ መልስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን፣ ማለት ገንዘብ ማስቀመጥን፣ መበደርንና ቼክ መጻፍን፣ በአንድ አፍ አደባልቆ የሚናገር ስለ ሆነ፣ ከዕዳው ይልቅ ባለዕዳውን የሚጎዳው ይኸው መደባለቅ ነው ብለን እናምናለን።

ፍርሃቱ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ቁራኛ በተባለው በቀድሞው የአገራችን ልማድ ባለዕዳና ገንዘብ ጠያቂ የልብሳቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ፣ ነገሩም ሲከብድ በሰንሰለት ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበርና፣ ዕዳ ከንብረት አልፎ የሥጋ ማሰሪያ ሆኖ ለዘመናት ኖሯል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዐት ሕግ እንኳ የተፈረደበትን ባለዕዳ እስከ ስድስት ወር በእስር ማቆየት የሚቻልበትን ድንጋጌ ይዞ የወጣ ነው፤ ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን ግን፣ የውል ግዴታውን ለመፈጸም ስላልቻለ ብቻ ማንም ሰው እንዳይታሰር ይከለክላል። እንግሊዞችም ቢሆኑ ባለዕዳን በወህኒ ማጎርን በሕግ የገቱት በ1869 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ስለ ሆነ፣ በዚህ ረገድ እኛ ብቻ ዘገየን ብሎ ማፈር አያስፈልግም። ይልቁንስ የሚገርመው፣ ኦሪት ዘዳግም በየሰባቱ ዓመት ዕዳ የሚተውበትን ዓመተ ኅድገት፣ ኦሪት ዘሌዋውያንም በሃምሳኛው ዓመት የሚመጣውን ኢዮቤልዩ እንደሚያዝዙ ሊቃውንቱ በየትርጓሜ ቤቱ ሲያስተምሩ መኖራቸው ነው፤ ትምህርቱ ከጉባኤ ቤት ወጥቶ ችሎት አልደረሰም እንጂ።

ኪሳራን በወግ የደነገገው የ1952ቱ የንግድ ሕግ ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ዣን ኤስካራ ጀምረውት ከሞቱ በኋላ ሌላው ፈረንሳዊ አልፍሬድ ዦፍሬ የፈጸሙት ይህ ሕግ፣ በአምስተኛው መጽሐፉ ስለ ኪሳራ ሲደነግግ የሚናገረው ለነጋዴና ለንግድ ማኅበር ብቻ ነበር። አራሹ፣ ዓሣ አስጋሪውና በእጁ ጥበብ የሚኖረው ሰው በዚያ ሕግ ነጋዴ አይባሉም ነበርና፣ በጉና ተራራ ላይ ድንችና ገብስ የሚያመርተው ገበሬ የማዳበሪያ ዕዳ በሬውን ቢያሸጠውም እንኳ በሕግ ዓይን ሊከስር አይችልም ነበር፤ ዕዳው በይርጋ እስኪቀር ድረስ፣ ማለት በመደበኛው ደንብ አሥር ዓመት፣ ባለዕዳ ሆኖ ይኖር ነበር እንጂ። በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ንግዱ ፈጽሞ ሳይፈርስ እንደገና የሚደራጅበትን ሥርዐት ጨምሯል። በፍርድ ቤት ከሳሪ ተብሎ የታወጀው ነጋዴ ንብረቱን የሚያስተዳድርለት ዳኛ የሾመው ባለዐደራ ስለ ሆነ፣ ጉዳዩ እስኪዘጋ ድረስ ሂሳብን እንደ ፈቃዱ ማንቀሳቀስ አይቻለውም። ነገር ግን ከመቶው የእኛ ከሳሪ ስንቱ ነው ለዚህ ማዕርግ የሚደርሰው? አብዛኛው ሱቁን ዘግቶ፣ ስልኩን አጥፍቶ፣ ወደ ሑመራ ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ፣ አዋጅ ያልተነበበለት ከሳሪ ነው።

ይህ አዋጅ ያልተነበበለት ሰው የቁጠባ ሂሳብ እንዳይከፍት የሚከለክለው ሕግ የለም። ባንኩ የሚፈልገው ማንነቱን ማወቅ ነው፤ እርሱም ቀድሞ በቀበሌ መታወቂያና በፎቶግራፍ ይፈጸም የነበረው፣ ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየደረጃው ፋይዳ ወደሚባለው የብሔራዊ መታወቂያ ቍጥር እየተላለፈ ነው። በብሔራዊ ባንክ ያለው የብድር መረጃ ቋት፣ ሰው ሁሉ «መዝገብ» እያለ የሚፈራው፣ የተዘጋጀው አበዳሪው ብድር ከመስጠቱ በፊት የተበዳሪውን ጠባይ እንዲያይበት ነው። ደብተር ለማውጣት የመጣ ሰው የሚጠይቀው ብድር ስለሌለ፣ እንዲያውም እርሱ ለባንኩ የሚያበድር ስለ ሆነ፣ ያ መዝገብ በእርሱ ላይ የሚናገረው ነገር የለውም። ለዚህም ብድሩ መንግሥት ዋስ አቁሞለታል፤ በ2013 ዓ.ም. በደንብ የተቋቋመው የገንዘብ አስቀማጮች መድን ፈንድ አንድ ባንክ ቢወድቅ ለእያንዳንዱ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር የሚደርሰውን ይከፍላል። እንግዲህ ባንክ ሲከስር ለአስቀማጩ የታሰበውን ያህል፣ አስቀማጩ ሲከስር ማን አሰበለት ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው።

በእውነት የተዘጋው በር የቼኩ ነው። በቂ ስንቅ በሌለው ሂሳብ ላይ ደጋግሞ ቼክ የጻፈ ሰው ተንቀሳቃሽ ሂሳቡ ይዘጋል፤ ስሙም በብሔራዊ ባንክ በኩል ወደ ባንኮች ሁሉ ይደርስና ለተወሰነ ዘመን በየትኛውም ባንክ የቼክ ሂሳብ እንዳይከፍት ይታገዳል። ቅጣቱ በዚህ ቢወሰን መልካም ነበር፤ ነገር ግን የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 693 ስንቅ የሌለው ቼክ አውቆ ያወጣን ሰው፣ እንደ ነገሩ ክብደት እስከ አሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣዋል። ሕጉ የታሰበው አታላይን ለመቅጣት መሆኑ ግልጽ ነው። ገበያው ግን ይህን ሕግ ወስዶ ለሌላ ሥራ አዋለው፤ እህሉን በዱቤ የሚሸጠው ነጋዴ፣ አራጣ የሚያበድረውም ሰው፣ ወደ ፊት የሚከፈልበት ቀን የተጻፈበት ወይም ቀኑ ባዶ የሆነ ቼክ በመያዣነት ይቀበላል፤ በሰጪው ሒሳብ ውስጥ ገንዘብ እንደሌለ ተቀባዩ አስቀድሞ ያውቃል። ቀኑ ደርሶ ገንዘቡ ያልተገኘ እንደ ሆነ ተራው የውል ዕዳ በአንድ ጀንበር የወንጀል ክስ ይሆናል፤ ያ አሮጌው ቁራኛ በወረቀት ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ነጋዴዎቻችን ዐውቀውት እያለ ዝም የሚሉት ነገር ስለ ሆነ ደፍረን እንናገራለን፦ ቼክ የመክፈያ እንጂ የዋስትና ወረቀት አይደለም፤ ዋስትና የሚፈልግ ሻጭ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1147 የተፈቀደውን የተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ፣ ማለት በመጋዘን ያለውን እህል፣ ወፍጮውን፣ የቀንድ ከብቱንም ጭምር ማስመዝገብ ይችላል። ይህ መንገድ እያለ ሰውን በወህኒ ማስፈራራት የሰነፍ አበዳሪ ጥበብ ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት፣ የገባው ገንዘብ ያለመቆየቱ ነው። የከሰረው ሰው ዕዳ ባለበት ባንክ ደብተር ቢያወጣ፣ ባንኩ በብድር ውሉ መሠረት ያስቀመጠውን ለዕዳው ሊያቻችልበት ይችላል፤ ሌላው ገንዘብ ጠያቂም በፍርድ ቤት አሳግዶ ያወጣዋል፤ የግብር ዕዳ ካለበት ደግሞ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ባንኩን የማዘዝ ሥልጣን አለው። ስለዚህ ብሩ ከባንክ ይልቅ በጎታ ወይም በታመነ ዘመድ እጅ ይቀመጣል፤ ሌባ ይወስደዋል፣ የዋጋ ንረት ይበላዋል፣ ዘመድም ይለወጣል። እዚህ ላይ የተረሳ አንድ ሕግ አለ። የ1958ቱ የሥነ ሥርዐት ሕግ በአንቀጽ 404 ከመያዝ ነጻ የሚሆኑትን ሲቈጥር የሙያ መሣሪያን፣ ለገበሬ የሚያስፈልገውን የእርሻ ከብትና ዘር፣ እንዲሁም ባለዕዳውንና ቤተ ሰቡን ለሦስት ወር የሚያቆየውን ምግብና ገንዘብ ያነሣል። ሕግ አውጪዎቹ፣ ሰው የሚከፍለው ሲሠራ መሆኑን፣ የሚሠራውም ሲበላ መሆኑን ተረድተው ነበር። ነገር ግን የእገዳ ትእዛዝ ወደ ባንክ ሲላክ ሂሳቡን እንዳለ ያዙት የሚል ብቻ ከሆነ፣ ያ የሦስት ወር ገንዘብ ባለዕዳው ራሱ ተነሥቶ ካልጠየቀ በቀር ከሌላው ጋር ይታሰራል። በስንት ብር እንደሚተመንም ለባንኩ የተጻፈ ልክ የለም። ፍርድ ቤቶች በእገዳው ደብዳቤ ላይ ሳይያዝ የሚቀረውን መጠን በአኀዝ ቢጽፉ፣ አዲስ ሕግ ማውጣት ሳያስፈልግ፣ ነባሩ ሥራውን ይሠራ ነበር።

በፈረንሳይ አገር ከ1984 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ጀምሮ ባንክ የከለከለው ሰው ወደ አገሪቱ ብሔራዊ ባንክ ሲያመለክት ሂሳብ የሚከፍትለት ባንክ በትእዛዝ ይመደብለታል፤ በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችንም በቀላሉ እንደሚመሰክሩት የአንድ ሰው የኪሳራ ፍርድ በብድር ታሪኩ እስከ አሥር ዓመት ሲታይ ይቆያል፤ ዕዳው ግን በአብዛኛው ተሠርዞለታል። እኛ ዘንድ ነገሩ ግልብጥ ነው፤ ደብተር ማውጣት ቀላል ሲሆን ዕዳው ግን በአብዛኛው አይሠረዝም።

በደቡብ ጎንደር ገጠር ይህ ሁሉ የሚሆነው በሌላ መልክ ነው። በ2014 ዓ.ም. ፀደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) ለገበሬው ያበድር የነበረው በቡድን ዋስትና ነበርና፣ አንዱ ሳይከፍል የቀረ እንደ ሆነ ጎረቤቶቹ ከፍለውለታል። የዚህ ሰው አበዳሪ ባንክ ሳይሆን የእድሩ ሰው ስለ ሆነ፣ ወደ ቅርንጫፉ መስኮት ሲቀርብ ከሠራተኛው ይልቅ በሰልፉ የቆሙት ያሳፍሩታል፤ ለእንዲህ ያለው ሰው በስልክ የሚከፈተው አገልግሎት ጠቅሞታል። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር በአጭር ቍጥር ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ ሰውየው ገንዘብ መቀበሉን ማንም ሳያይበት ይፈጽማል፤ በየሳምንቱ የገባው ጥቂት ገንዘብም ቤት ለሌለው ሰው ምስክር ሆኖ፣ ያለ መያዣ ለሚሰጥ አነስተኛ ብድር መመዘኛ ይሆነዋል። በሌላ ወገን ፋይዳ አንድን ሰው ለአንድ ቍጥር ስለሚያስር፣ ዕዳ ያለበት ሰው አንድ ቦታ በመዝገብ ስሙ ሌላ ቦታ በክርስትና ስሙ የሚከፍተው ደብተር ከእንግዲህ አያዛልቀውም፤ ይህ ለአበዳሪ መልካም ዜና ነው።

ዕዳውን በስምምነት ወይም በሐራጅ የጨረሰ ሰው አንድ ሥራ ይቀረዋል፤ ብዙዎቹም የሚረሱት ይህንኑ ነው። ከአበዳሪው ባንክ ዕዳው ሙሉ በሙሉ መከፈሉን የሚገልጽ ደብዳቤ በማኅተም ተቀብሎ፣ የመያዣው እገዳ እንዲነሣ ወደ ከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤት ማድረስ፣ በብድር መረጃ ቋቱም የተጻፈበት ሁኔታ እንዲታረም በጽሑፍ ማመልከት አለበት። የንግድ ፈቃዱን ሊያድስ የሚሻም ከግብር ዕዳ ነጻ መሆኑን የሚያስረዳውን ማስረጃ ከዚሁ ጋር ይያዝ፤ ያለዚህ ማስረጃ ፈቃዱ አይታደስለትም። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ቢያስወጣና አንዱን ደብተሩ ውስጥ ቢያኖር ደግ ነው፤ ቅርንጫፍ ይዘዋወራል፣ ሥራ አስኪያጅ ይቀየራል፣ ፋይልም ይጠፋል።