በሁለት ልጆች ስም የተጠራው ሕግ፦ የአካል ልገሳና የቤተሰብ ቃል በእንግሊዝ

የአካል ክፍል ንቅለ ተከላ፣ ማለትም ከአንድ ሰው የተወሰደ ልብ፣ ኩላሊት፣ ጉበት ወይም ሳንባ የራሱ አካል ሥራውን ላቆመበት ሕመምተኛ የሚተከልበት ሕክምና፣ ከሌሎች ሕክምናዎች ሁሉ የሚለየው ልጁ የዳነለትን ወላጅ ከባድ የምስጋና ዕዳ ውስጥ ስለሚከተው ነው። ሐኪሙንና ነርሷን ማመስገን ይቻላል፤ ዋናው ባለውለታ ግን ብዙ ጊዜ በሕይወት የለም፣ ቤተሰቡም ሐዘን ላይ ተቀምጧል። የሚተከለው ልብ በሆነ ጊዜ ደግሞ የልጃቸውን መዳን የሚለምኑ እናትና አባት፣ ጸሎታቸው የሚሰማው በሌላ ቤት ልቅሶ ሲገባ መሆኑን እያወቁ ይለምናሉ። በእንግሊዝ ከእ.ኤ.አ. 2017 ጀምሮ የተካሄደው ክርክር፣ እርሱን ተከትሎ የወጣው ሕግና ከሕጉ በኋላ የታየው ያልተጠበቀ ውጤት እንዲህ ያለው ምስጋና ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ፣ የት ላይ እንደሚቆምም ያሳያሉ። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ክርክሩን ያቀጣጠለው ማክስ የተባለ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሕመም ነበር። በሽታው ዳይሌትድ ካርዲዮማዮፓቲ ይባላል፤ የልብ ጡንቻ እየላላና እየተለጠጠ ሄዶ ደም የመግፋት ኃይሉን የሚያጣበት ሕመም ነው። ልጁ በብሪታንያ ለሕፃናት ልብ ከሚተክሉት ሁለት ማዕከላት አንዱ በሆነው በኒውካስል ፍሪማን ሆስፒታል፣ ደሙን በሚገፋለት መሣሪያ እየታገዘ ለወራት ተኛ። ሕፃናት ለልብ ረጅም ጊዜ የሚጠብቁበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የሚተከለው ልብ በደም ዓይነት ብቻ ሳይሆን በመጠንም ከደረታቸው ጋር መስማማት አለበት፣ ከለጋሹ ከወጣ በኋላም በተለመደው የማቀዝቀዣ ዘዴ አራት ሰዓት ያህል ብቻ ነው የሚቆየው። ልጁ ገና በመጠባበቅ ላይ እያለ ዴይሊ ሚረር ጋዜጣ ታሪኩን ይዞ የልገሳ ሕጉ እንዲለወጥ ዘመቻ ጀመረ።

በዚያው በ2017 በጁላይ ወር መጨረሻ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በዴቨን አውራጃ በደረሰ የመኪና አደጋ፣ ኪራ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ክፉኛ ተጎድታ ብሪስቶል ወደሚገኘው የሕፃናት ሆስፒታል ተወሰደች። እናቷና ታናሽ ወንድሟም በአደጋው በጽኑ ቆስለው ስለነበር እናቲቱ ልጇ ስትሞት ራሷን አታውቅም ነበር። ሐኪሞቹ ያረጋገጡት የአንጎል ግንድ ሞትን ነው፤ ይህም መተንፈስንና ንቃትን የሚመራው የአንጎል ክፍል ዳግም ላይመለስ መሞቱ ሲሆን፣ በብሪታንያ አሠራር ሁለት ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ምርመራውን ሁለት ጊዜ አድርገው ካላጸኑት በስተቀር ሞት ተብሎ አይመዘገብም። በዚህ ሁኔታ የሞተ ሰው ልብ በመተንፈሻ መሣሪያ እርዳታ ለጊዜው መምታቱን ይቀጥላል፣ ገላውም ይሞቃል፤ ቤተሰብ ውሳኔ የሚጠየቀው እንግዲህ ይህን እያየ ነው። አባቷ ልገሳውን ፈቀደ፤ እህቶቿም ኪራ በሕይወት ብትኖር ይህንኑ ትመርጥ እንደነበር ተስማሙ። የልጅቷ አካል አራት ሰዎችን ረዳ፣ ልቧም ለማክስ ደረሰ።

በብሪታንያ ደንብ መሠረት ለጋሽና ተቀባይ አይተዋወቁም። የተቀባዩ ቤተሰብ የምስጋና ደብዳቤ መጻፍ ይችላል፤ ደብዳቤው ግን አድራሻና የአባት ስም ሳይኖረው በልገሳ ነርሶች እጅ አልፎ ይደርሳል፣ የሟች ቤተሰብም የመመለስ ግዴታ የለበትም። ደንቡ የተሠራው ሐዘንተኛን ከጫና ለመጠበቅ በመሆኑ አስተዋይነት አለው፤ ይሁን እንጂ «እናመሰግናለን» ለማለት ብዕር ያነሣ ወላጅ፣ ልጁን ለቀበረ ለማያውቀው ሰው ምን ብሎ እንደሚጀምር መገመት አያዳግትም። የሁለቱ ልጆች ቤተሰቦች የተገናኙት የማክስ ታሪክ በጋዜጣ ወጥቶ ስለነበረ ነው። ከዚያ በኋላ በተገናኙ ጊዜ የኪራ ወላጆች የሐኪም ማዳመጫ በማክስ ደረት ላይ አድርገው የልጃቸውን ልብ ምት ሰሙ። የሁለቱ ልጆች ታሪክ እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሬቸል ክላርክ በ2024 ባሳተመችው መጽሐፍ በሰፊው ተተርኳል፤ መጽሐፉም በ2025 የሴቶች ሽልማት በኢ-ልቦለድ ዘርፍ አሸናፊ ሆኗል።

የማክስ ቤተሰብ ምስጋናውን በደብዳቤ ብቻ አልወሰነውም፤ የሌሎች ልጆች ጥበቃ እንዲያጥር ሕጉ እንዲለወጥ መወትወቱን ቀጠለ። እስከዚያ ድረስ የነበረው አሠራር፣ ለመለገስ የሚፈልግ ሰው ስሙን በመዝገብ እንዲያስገባ የሚጠይቅ ነበር። የተጠየቀው ለውጥ የታሳቢ ፈቃድ ሥርዓት ነው፤ በዚህ ሥርዓት «አልለግስም» ብሎ ያላስመዘገበ ማንኛውም አዋቂ ሰው እንደፈቀደ ይቆጠራል። ዌልስ ይህንኑ ከዲሴምበር 2015 ጀምሮ ትሠራበት ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬዛ ሜይ በኦክቶበር 2017 ለውጡን እንደሚደግፉ አስታወቁ፤ የፓርላማ አባሉ ጄፍሪ ሮቢንሰን ያቀረቡት ረቂቅም በማርች 2019 ጸድቆ በሜይ 20 ቀን 2020 ሥራ ላይ ዋለ። ሕዝቡም የማክስና የኪራ ሕግ ብሎ ጠራው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ያሉትን አይመለከትም። በሁለት የዘጠኝ ዓመት ልጆች ስም የሚጠራው ሕግ፣ የኪራን ዓይነት ልጅ ነገም ብታጋጥመው ጉዳዩን ለወላጆቿ ይተወዋል ማለት ነው። ይህ ጉድለት አይደለም፤ በልጅ አካል ላይ መንግሥት ወላጅን ቀድሞ ፈቃድ እንዲገምት የሚሻ ብዙ ሰው አይኖርም። ነገር ግን ስለ ሕጉ በተነገረው የደስታ ወሬ ውስጥ ይህ ነጥብ ተሸፍኖ ቀርቷል፤ ልብ የሚጠብቁ ሕፃናት ዕጣ ዛሬም የተንጠለጠለው በአንድ የጽኑ ሕሙማን ክፍል አጠገብ በተቀመጡ እናትና አባት ቃል ላይ ነው።

በአዋቂዎችም ዘንድ ቢሆን ሕጉ የተጠበቀውን ያህል አልሠራም። የልገሳ ነርሶች የሟችን ቤተሰብ ማነጋገራቸውን ስላላቆሙ፣ ቤተሰቡ አጥብቆ ከተቃወመ ልገሳው ይቀራል። በመላ ብሪታንያ ልገሳ ተጠይቀው እሺ ያሉ ቤተሰቦች ሕጉ ሊጸና ሲል 68 በመቶ ያህል የነበሩ ሲሆን፣ በ2023/24 ወደ 61 በመቶ ወርደዋል። የኮሮና ወረርሽኝ ያሳደረው ጠባሳ አንዱ ምክንያት መሆኑ አይቀርም፤ ሆኖም ሌላም ነገር ያለ ይመስላል። «ሕጉ ፈቅዷል» የተባለ ቤተሰብ የሟቹን ሐሳብ ከራሱ አንደበት ካልሰማ፣ የሕጉ ግምት አያጽናናውም። ሟቹ ፈቃዱን በሕይወት ሳለ ባስመዘገበ ጊዜ ግን ከአሥር ቤተሰቦች ዘጠኙ ያህሉ ይስማማሉ። ስፔንም የምታስተምረው ይህንኑ ነው፤ የታሳቢ ፈቃድ ሕግ ያወጣችው በ1979 ሲሆን ለጋሾቿ የበዙት ግን በ1989 ራፋኤል ማቴሳንዝ የመሩት ብሔራዊ የንቅለ ተከላ ድርጅት ተቋቁሞ በየሆስፒታሉ የሠለጠኑ አስተባባሪ ሐኪሞች ከተመደቡ ወዲህ ነው። ከአንድ ሚሊዮን ሕዝብ 14 ያህል የነበረው የለጋሽ ቁጥር ከ45 በላይ ደርሷል፤ በዚያም አገር ቤተሰብ ሳይጠየቅ አይታለፍም።

ጉዳዩ በእንግሊዝ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ ይነካል። በአገሩ ከ12 ወር በላይ የኖረ አዋቂ፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር፣ ዜግነቱ ምንም ይሁን ምን በሕጉ ይካተታል፤ ይህን ሳያውቅ የሚኖር ሰው ጥቂት አይሆንም። የኩላሊት መስማማት በደም ዓይነትና በሕብረ ሕዋስ ዓይነት የሚወሰን ሆኖ በተመሳሳይ የዘር ሐረግ ውስጥ ስለሚቀል፣ በብሪታንያ ጥቁር ሕመምተኞች ኩላሊት የሚጠብቁት ከነጮች ረዘም ላለ ጊዜ ነው። በሃይማኖቱ ምክንያት የሚያመነታ ሰው ደግሞ ሲመዘገብ፣ ልገሳው ከእምነቱ ጋር በሚስማማ መንገድ እንዲከናወን ነርሶቹ ከቤተሰቡ ጋር እንዲነጋገሩ መጠየቅ ይችላል። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 የጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በሕይወት ካሉ ዘመዶች በሚገኝ ኩላሊት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ከሟች የመቀበልን ጥያቄ ብዙው ሰው የሚጋፈጠው በስደት አገር ነው።

በማርች 2025 በብሪታንያ የአካል ክፍል የሚጠብቁት ሰዎች ከ8,000 በላይ የነበሩ ሲሆን ከእነዚህ ውስጥ ከ200 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። በዚያ የሚኖር አንባቢ ሐሳቡ እሺም ይሁን እምቢ በብሔራዊ ጤና አገልግሎት መዝገብ ያስገባ፤ ከዚያ በፊት ግን ለባለቤቱ፣ ለወላጆቹና ለልጆቹ ቁርጥ አድርጎ ይንገራቸው፣ የልጆቹንም ሐሳብ ይጠይቅ፤ በጭንቁ ሰዓት የሚጠየቁት እነርሱ ናቸውና።