ከላይ በሌዘር፣ ከታች በሜትር

ከፋ ውስጥ ቡና በደን ጥላ ሥር ይበቅላል። ገበሬው ምርቱ እንዲጨምር ቁጥቋጦውንና ለጋውን ችግኝ ይመነጥራል፤ ትልልቁን ዛፍ ለጥላ ይተወዋል። ከሰማይ በተነሳ ፎቶግራፍ ደኑ ዛሬም አረንጓዴ ነው። ውስጡ ግን ሳስቷል፤ አሮጌው ዛፍ ሲወድቅ የሚተካው የለም።

የአገራችን የደን ትርጓሜም ይህን አይለይም። ቢያንስ ግማሽ ሄክታር መሬት፣ 2 ሜትር የደረሰ ዛፍ፣ 20 በመቶ የቅጠል ሽፋን ካለ ደን ነው። የሳሳውም ያልተነካውም በአንድ ስም ይቆጠራሉ። የካርቦን ካርታ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ደን መኖሩን ብቻ ሳይሆን ምን ያህል ካርቦን እንደያዘ ያሳያል።

ለዚህ ሥራ ከተሠሩት መሣሪያዎች አንዱ ጌዲ ነው። ናሳና የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጁት ይህ የሌዘር መሣሪያ በ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወደ ዓለም አቀፉ የሕዋ ጣቢያ ተልኮ እዚያው ተገጠመ። በውስጡ ካሉት ሌዘሮች እያንዳንዱ በሰከንድ 242 ጊዜ ብልጭ ይላል። ብርሃኑ መሬት ሲደርስ 25 ሜትር ያህል ስፋት ባለው ክብ ላይ ያርፋል። ከዛፉ ጫፍ የነጠረው ቀድሞ፣ ከመሬት የነጠረው ዘግይቶ ይመለሳል፤ የሁለቱ ልዩነት የዛፉን ቁመት ይሰጣል። በመሐል የሚመለሰው ደግሞ ቅጠልና ቅርንጫፍ በየእርከኑ እንዴት እንደተደራረበ ይናገራል። የተመነጠረ የቡና ደን እዚህ ላይ ይጋለጣል።

ሌዘር ግን ደመና አያልፍም፤ የሚለካውም ነጠብጣብ ነው። በነጠብጣቦቹ መካከል ያለውን ክፍተት ባለሙያዎች በሌሎች የሳተላይት ምስሎች ይሞላሉ። ሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ የሕዋ ኤጀንሲ ያመጠቀው ባዮማስ የተባለው ሳተላይት ሌላ መንገድ ይዟል። ርዝመቱ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነው የራዳር ሞገዱ ደመናውንና ቅጠሉን አልፎ፣ አብዛኛው ካርቦን ከተከማቸበት ከግንድና ከወፍራም ቅርንጫፍ ነጥሮ ይመለሳል።

ሆኖም ሁለቱም ዛፍ አይመዝኑም። ሚዛኑ ያለው መሬት ላይ ነው። ባለሙያው የግንዱን ዙሪያ ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ደረት አካባቢ፣ በሜትር ይለካል፤ ቁመቱንና ዝርያውን ይመዘግባል። ወይራና ብሳና በውፍረትም በቁመትም እኩል ቢሆኑ እንኳ እንጨታቸው እኩል አይከብድም። በቀመር ደረቅ ክብደቱ ይሰላል፤ ከዚያ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። የሰማዩ ልኬት ወደ ቶን የሚመነዘረው በእንዲህ ዓይነት የናሙና ቦታዎች ተመሳክሮ ነው። ናሙናው ከተሳሳተ ካርታው በሙሉ አብሮ ይሳሳታል።

ደኑ የጎደለበትን ምክንያትም የሚያውቀው መሬት ላይ ያለው ሰው ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በተመዘገበው የከፋ ባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ፣ ከአካባቢው የተመለመሉ የደን ጠባቂዎች ለውጥ ያዩበትን ቦታ፣ ጊዜና ምክንያት በስልክ ከፎቶ ጋር የመዘገቡበት ሥራ ተካሂዷል። ሳተላይቱ ደኑ መጉደሉን ይጠቁማል፤ ለቡና ይሁን ለእርሻ ወይም ለማገዶ የሚነግረን ጠባቂው ነው።

መፍትሔውም እንደ ምክንያቱ ይለያያል። ለእርሻ በሚጨፈጨፈው ጥግ ጥበቃ ማጠናከር ይበጅ ይሆናል። ለቡና በሳሳው ግን ገበሬውን ማባረር ጥላውንም ጠባቂውንም ማጣት ነው፤ እዚያ የሚያዋጣው ሲመነጥር ጥቂት ለጋ ችግኝ እንዲተው መስማማት ነው።