«17» ማለት የዘንድሮ ማለት አይደለም፦ የስፖርት ሞተር ጎማ ተረትና እውነታ

ሐምሌ 2017 ዓ.ም.፣ እሑድ ጠዋት ነው። ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ እየወረድኩ ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ አባርቷል፤ ጉሙ ግን ከባሕር ዛፉ ሥር ገና አልተነሣም። ፍጥነቴ ከ30 አይበልጥም። አንዱ ኩርባ ላይ ሞተሩን ገና ዘንበል ማድረግ ስጀምር የፊት ጎማው ከዳኝ። እንጨት ተሸክመው ይወርዱ የነበሩ እናቶች ሸክማቸውን አውርደው «አይዞህ ልጄ» እያሉ ደግፈው አነሡኝ። የግራ እጄ አንጓ ተሰብሮ ነበር።

የሰማ ሁሉ የጠየቀኝ ስለ ፍጥነቴ ነው። ስለ ጎማው የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም አልጠረጠርኩትም። ጥርሱ ጥልቅ፣ ጥቁረቱ የሚያብረቀርቅ፣ ስሙ በእሽቅድምድም ሜዳ የታወቀ ጎማ ነው። መስከረም ላይ ስገዛው ሻጩ ጎኑ ላይ የታተመውን ቁጥር በጣቱ እየነካ «ወንድሜ፣ ይኸው 17 ይላል፤ የዘንድሮ ነው» ብሎኝ ነበር። እጄ ገና በጀሶ እንደታሰረ ሞተሩን ኮተቤ ወዳለ አንድ ጎሚስታ አስወሰድኩት። ልጁ ቁጥሩን አንድ ጊዜ አየና «ይኼማ በፈረንጆቹ ነው» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞተረኛ ወንድሞቼ ስለ ጎማ የሚሉትን፣ እኔም ለዓመታት ሳምን የኖርኩትን፣ አንድ በአንድ መመርመር ያዝኩ።

«ጥርሱ ካላለቀ አዲስ ነው»

ገዳዩ ተረት ይህ ስለሆነ ከሌላው ይልቅ እሱ ላይ እቆያለሁ።

በጎማው ጎን ላይ ዲ ኦ ቲ ከሚሉት ሦስት የላቲን ፊደላት ተከትሎ የሚመጣው ረድፍ በአራት አኃዝ ያልቃል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጎማው የተሠራበትን ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ፤ አቆጣጠሩ የአውሮፓውያን ነው። የእኔ ጎማ 1417 ይላል። ይህ በአውሮፓውያን 2017፣ 14ኛው ሳምንት፣ በእኛ ደግሞ የመጋቢት 2009 መጨረሻ ነው። በ2017 መስከረም «የዘንድሮ» ተብሎ ሲሸጥልኝ ዕድሜው ሰባት ዓመት ተኩል ነበር። በእኛና በእነሱ አቆጣጠር መካከል ያለው የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት አሮጌ ጎማን አዲስ አስመስሎ ለመሸጥ የተመቸ ወጥመድ ሆኗል ማለት ነው። ሻጩ ራሱ ሳያውቅ ሊሆን ይችላል። ገዢ ግን ማወቅ አለበት። አሁን ጎማ ስገዛ ከቁጥሩ ላይ ሰባት ወይም ስምንት ቀንሼ በእኛ አቆጣጠር አስበዋለሁ፤ የፊትና የኋላውንም ለየብቻ አያለሁ፤ ምክንያቱም ጥንድ ተብለው የሚሸጡ ጎማዎች ሁልጊዜ እኩዮች አይደሉም።

ላስቲክ ሳይነዳም ያረጃል። ልስላሴ የሚሰጡት ዘይቶች ቀስ በቀስ ይለቁታል፤ ኦክስጅን፣ ኦዞንና የፀሐይ ጨረር ያደርቁታል። ጎማው ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ሳለ እንደ ቀንድ ይደርቃል፣ አስፋልቱን መቆንጠጥም ያቅተዋል። እንደ ሚሽሊን ያሉ አምራቾች አምስት ዓመት የሞላው ጎማ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ አሥር ዓመት የሞላው ደግሞ ምንም ቢመስል እንዲወገድ ይመክራሉ። አሥር ዓመት የመጨረሻው ጣሪያ ነው። ተጋድሞ ኩርባ ለሚዞር ስፖርት ሞተር እኔ አምስት ዓመት ሲሞላ እለውጣለሁ።

ይህ ጉዳይ ከሌላው ከተማ ይልቅ አዲስ አበባ ላይ ይከብዳል። በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ከተማው ያለ ፈቃድ በሞተር መንቀሳቀስን ከከለከለ ወዲህ ብዙ ትልልቅ ሞተሮች ግቢ ውስጥ፣ ሸራ ሥር ቆመዋል። ጀርመን አገር ያለ ሞተረኛ ጎማው በአንድና በሁለት በጋ ተግጦ ያልቃል። የእኛ ጎማ ግን በዕድሜ ነው የሚሞተው፤ ሲሞትም ጥርሱ አፉን እንደሞላ ነው። ሲኤምሲና አያት አካባቢ ሁለት ሦስት ዓመት ቆሞ የወጣ ሞተር የሚገዛ ሰው፣ ስለ ሞተሩ ድምፅ ከመጠየቁ በፊት ጎንበስ ብሎ አራቱን አኃዝ ያንብብ።

«እሽቅድምድም ላይ የሚነዱበት ጎማ ከሁሉ ይሻላል»

የእሽቅድምድም ጎማ የሚሻለው ለእሽቅድምድም ነው። ጥርስ አልባው የውድድር ጎማ በትክክል የሚሠራው እስከ 80 ወይም 90 ዲግሪ ሲሞቅ ነው፤ ለዚህ ነው ከመነሳቱ በፊት በኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ የሚጠቀለለው። መንገድ ላይ እንዲነዱበት የተፈቀዱ የእሱ ዘመዶችም፣ ለምሳሌ ፒሬሊ ዲያብሎ ሱፐርኮርሳን የመሳሰሉት፣ ሙቀት ይፈልጋሉ።

እንጦጦ ላይ ሙቀት ከየት ይመጣል? መገናኛ 2,400 ሜትር አካባቢ ነው፤ ተራራው አናት ከ3,000 ሜትር በላይ። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይታያል። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወይም ከሽሮ ሜዳ ተነስቶ ዳገቱን የሚወጣ ሰው መንገዱን በደቂቃዎች ይጨርሰዋል፤ ጎማው ሳይሞቅ ቁልቁለቱ ይመጣል። ያልሞቀ የውድድር ጎማ ከተራ ጎማ ያነሰ ይይዛል። እንግዲህ ውድ ዋጋ የተከፈለበት ጎማ በትክክል ሳይሠራ ይኖራል ማለት ነው።

ለዚህ መንገድ የተሠራ ሌላ ዓይነት ጎማ አለ፤ ሞተረኞች ስፖርት ቱሪንግ የሚሉት። ሚሽሊን ሮድ 6፣ ፒሬሊ ኤንጅል ጂቲ 2፣ ብሪጅስቶን ባትላክስ ቲ32 ከዚህ ወገን ናቸው። የላስቲኩ ቅመም ሲሊካ የበዛበት ስለሆነ በብርድና በእርጥብ መንገድ ላይም ይይዛል። መሀሉ ጠንካራ፣ ጎንና ጎኑ ለስለስ ያለ ስለሆነ ከኮተቤ በካራ አድርጎ ወደ ለገጣፎ በሚወስደው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ መሀሉ ቶሎ አይላጭም። «ይኼ የሽማግሌ ጎማ ነው» የሚሉ ወጣቶች አጋጥመውኛል። የጎማው ዓይነት በሞተሩ ስም ሳይሆን በሚነዳበት መንገድና አየር ይመረጥ ብዬ እለምናቸዋለሁ። ደግሞም በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ያለ ቱርቦ የሚሠራ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። የፋብሪካው ወረቀት 200 ፈረስ ጉልበት የሚለው ማሽን እዚህ የሚያወጣው 150 ገደማ ነው። ያንን ለመሸከም የውድድር ጎማ አያስፈልግም።

«ሰፊ ጎማ የበለጠ ይይዛል»

ባለ 600 ሲሲ ስፖርት ሞተር ብዙውን ጊዜ ከፊት 120/70፣ ከኋላ 180/55፣ ቸርኬው 17 ኢንች ሆኖ ከፋብሪካ ይወጣል። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል። ብዙ ሰው ለመልኩ ብሎ 180ውን በ190 ይለውጣል።

መሬት የሚነካው የጎማ ክፍል የመዳፍ ያህል ነው። ያ መዳፍ ምን ያህል እንደሚሰፋ በዋናነት የሚወስኑት በላዩ ያረፈው ክብደትና ውስጡ ያለው ንፋስ ናቸው፤ የጎማው ስፋት የሚለውጠው በይበልጥ ቅርጹን ነው። ለ180 የተሠራው ባለ 5.5 ኢንች ቸርኬ 190ውን ሲታቀፍ ጎንና ጎኑን ቆንጥጦ መሀሉን ያሾለዋል፤ ሞተሩ ሲጋደም የሚነካው ገጽ አምራቹ ያሰበው አይሆንም። ሰፊ ጎማ ያለው ሞተር አንድን ኩርባ በአንድ ፍጥነት ለመዞር ከጠባቡ ይልቅ የበለጠ መጋደም እንዳለበትም ብዙዎች አያውቁም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

«በክረምት ንፋስ ቀንስ፣ ጥርሱ ጥልቅ ይሁን»

ንፋስ ሲቀነስ ጎማው ይለጠጣል፤ ውኃ የሚያስወጡት ቦዮች ይጨፈለቃሉ። በክረምት የምንፈልገው ተቃራኒውን ነው። ለአብዛኞቹ ስፖርት ሞተሮች ከፊት 36፣ ከኋላ 42 ፒኤስአይ ይባላል፤ የእርስዎን ከመመሪያ መጽሐፉ ወይም ሰንሰለቱ አጠገብ ከተለጠፈው ጽሑፍ ያንብቡ፣ በጋም ክረምትም እዚያው ላይ ይቁሙ።

ጥርስን በተመለከተ፣ የሞተር ጎማ ክብ ስለሆነ ውኃን እንደ ታንኳ ሰንጥቆ ያልፋል፤ በከተማ ፍጥነት ውኃ ላይ የመንሳፈፍ አደጋው ትንሽ ነው። እርጥብ አስፋልት ላይ የሚይዝልን ከጥርሱ ይልቅ የላስቲኩ ቅመም ነው። ይህ ማለት ግን ያለቀ ጎማ ይነዳል ማለት አይደለም፤ በቦዮቹ ውስጥ ያለችው ትንሽ ጉብታ ከገጹ ጋር እኩል ከሆነች ጎማው አብቅቷል።

ይልቅ የየካንና የእንጦጦን መንገድ ማወቅ ይጠቅማል። የሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ የበጋውን ዘይትና አቧራ ቀላቅሎ አስፋልቱን ሳሙና ያደርገዋል። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ልጣጭ እርጥብ ሲሆን ምንም ዓይነት ጎማ አይይዘውም። ከአራት ኪሎ በቀበና ወደ መገናኛ በሚወስደው፣ በኮሪደር ልማት በታደሰው መንገድ ላይ ደግሞ የሜዳ አህያ ማቋረጫው ቀለም በዝናብ ጊዜ ያንሸራትታል፤ እዚያ ላይ ሞተር አይጋደምም፣ ፍሬንም በኃይል አይያዝም።

«ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ንፋሱን አስተካክል»

ይህን ከብዙ አዋቂዎች ሰምቼዋለሁ። መለኪያው የሚናገረው በጎማው ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ ስለዚህ እዚሁ በእኛ ከፍታ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ 36 ካለ 36 ነው፣ ማስተካከያ አይሻም። ከመገናኛ ወደ እንጦጦ አናት ሲወጣ የውጭው አየር ግፊት ስለሚቀንስ መለኪያው አንድ ፒኤስአይ ገደማ ይጨምራል፤ በዚያው መጠን ቅዝቃዜው ይቀንሰዋል። ተራራው ላይ ቆሞ ንፋስ የሚያስተነፍስ ሰው ታች ሲደርስ የጎደለ ጎማ ይዞ ይገኛል። ጅቡቲ ላይ ተሞልቶ የመጣ ሞተር ግን ከፍታውም ሙቀቱም ስለተለወጠበት ሳይነዳ በፊት እንደገና ይለካ። ለትልልቅ መኪና የተዘጋጀ የጎሚስታ መለኪያ ላይ ከመተማመን አንዲት ትንሽ የግል መለኪያ መያዝ ይሻላል።

«ከመነዳሪ ካስገባህበት ምንም አይልም»

ያለ ከመነዳሪ እንዲነዳ የተሠራ የስፖርት ጎማ ውስጥ ከመነዳሪ ሲገባ ሁለቱ እርስ በርስ እየተፋጩ ይሞቃሉ። ሚስማር ሲወጋው ከመነዳሪው በአንዴ ይተነፍሳል፤ ያለ ከመነዳሪ ቢሆን ኖሮ ቀስ ብሎ ነበር የሚጎድለው። መሀሉን የወጋ ትንሽ ቀዳዳ ጎማው ወልቆ ከውስጥ ይጠገናል። ጎኑ የተቀደደ ጎማ አይጠገንም።

«አዲስ ጎማ ካስገጠምህ በቃ፣ ግባበት»

አዲስ ጎማ ገጹ ለስላሳና አንጸባራቂ ነው። የመጀመሪያዎቹን ከ100 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ቀስ በቀስ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያጋደሉ፣ ገጹን ማሻከር ያስፈልጋል። በደረቅ ቀን ይሁን።

«የጎማው ጠርዝ ያልተነካ ከሆነ ነጂው ፈሪ ነው»

ይህን የሚሉት ቡና እየጠጡ የቆመ ሞተር ጎማ የሚያዩ ልጆች ናቸው፤ እነሱን ሰምተው እንጦጦ ላይ ጠርዙን ሊያስነኩ የሚሞክሩም አሉ። ያ መንገድ አህያ የምትነዳበት፣ ሯጮች ጠዋት የሚሠለጥኑበት፣ ምእመናን ወደ ማርያምና ወደ ራጉኤል የሚሄዱበት መንገድ ነው። ከኩርባው ወዲያ ማን እንዳለ አይታይም። በሕዝብ መንገድ ላይ የሁለት ጣት ስፋት ያህል ያልተነካ ጠርዝ ያለው ጎማ ሳይ ለዚያ ሞተረኛ ልቤ ይረጋል።

እጄ ከተፈታ በኋላ የፊትና የኋላውን ባንድ ላይ ለወጥኩ፤ ሁለቱም በተገዙበት ዓመት የተሠሩ ስፖርት ቱሪንግ ናቸው፣ ልካቸውም ፋብሪካው ያዘዘው። አሮጌውን የፊት ጎማ ጎሚስታው «ጥርሱ አለ፣ ይሸጣል» ብሎኝ ነበር። መጋዝ ተውሼ ጎኑን እዚያው ቆረጥኩት፤ ታጥቦ፣ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ፣ 17ቱ እየተነካ ለሌላ ልጅ እንዳይሸጥ።